ስለ ዝሆን አእምሮና ስለ ርኅራኄው

1። ጥርሱና ባለቤቱ

በቀድሞ ዘመን በጐንደር ከተማ የዝሆንን ጥርስ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነበረ፤ ዝሆንን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነበረ። ነጋዴዎች ወርቅና ዝባድ፥ የዝሆንም ጥርስ በበቅሎና በአህያ እየጫኑ፥ አንዳንዱ በሰሜን ወደ ምጽዋ፥ አንዳንዱም በምዕራብ በመተማ በኩል ወደ ስናር ይወርዱ ነበር። ከ1674 እስከ 1698 ዓመተ ምሕረት የነገሡት ታላቁ ዐፄ ኢያሱ በጐንደር ያሠሩት ግንብ፥ ውስጡ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያጌጠ ነበረ ተብሎ ይነገራል። ጥርሱን ያየ ሁሉ ነጭነቱንና ልስላሴውን ያደንቅ ነበር። ነገር ግን ይህ ጥርስ ከማን አፍ ወጣ? ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ምን ያስብ ነበር? ማንንስ ይወድ ነበር? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነበረ።

ዝሆን በምድር ላይ ከሚመላለሱ እንስሳት ሁሉ በአካል ይበልጣል። ያደገ ወንድ ዝሆን ቁመቱ ከ3 ሜትር ያልፋል፤ ክብደቱም እስከ 60 ኩንታል ይደርሳል። ወደ አራዳ ገበያ የሚሄድ ልጅ አንዲት አህያ አንድ ኩንታል እህል ተጭና ስትደክም አይቶ ይሆናል። ያ ልጅ የ60 አህያ ጭነት ባንድነት ተከምሮ በአራት እግር ሲራመድ በልቡ ቢያስብ፥ የዝሆንን ክብደት በጥቂቱ ይረዳዋል።

ኵምቢው አፍንጫውም እጁም ነው። በኵምቢው ይተነፍሳል፤ በኵምቢው ያሸታል፤ ውኃ ስቦ ወደ አፉ ያፈስበታል። በዚያው ኵምቢ ትልቅ ግንድ ያነሣል፤ ደግሞም በአፈር ላይ የወደቀች ትንሽ ፍሬ ሳይጨፈልቃት ይለቅማል። ይህን ያህል ኃይል ያለው እንዲህ በቀስታ መያዝ ማወቁ ያስደንቃል።

ነገር ግን ትልቅነት ብቻውን ለምስጋና አይበቃም። ተራራም ትልቅ ነው፤ ልብ ግን የለውም። ስለ ዝሆን ሊጠና የሚገባው ከቆዳው በታች ያለው ነገር ነው፤ ይኸውም አእምሮው፥ ትዝታው፥ ለወገኑም ያለው ፍቅር ነው። ይህንም ለማወቅ ከጐንደር ብዙ ሳይርቅ የሆነ አንድ ታሪክ አለ።

2። በጨርቂን ቆላ የሆነው ነገር

በ1762 ዓመተ ምሕረት ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው የዓባይን ምንጭ ለማየት ፈልጎ ወደ ጐንደር መጣ። በዚያን ጊዜ በከተማው የፈንጣጣ በሽታ ነበረ። ብሩስ ጥቂት ሕክምና ያውቅ ነበርና በቤተ መንግሥት የታመሙትን ልጆች አስታመመ። ከዳኑት አንዱ የወይዘሮ አስቴር ልጅ አይቶ ክንፉ ነበረ። ከዚያም ቀን ጀምሮ ሁለቱ ወዳጆች ሆኑ።

በ1764 ዓመተ ምሕረት በታኅሣሥ ወር ብሩስ ከጐንደር ተነሥቶ በስናር በኩል ወደ አገሩ ጕዞ ጀመረ። በመንገድም በሰሜን ምዕራብ ቆላ፥ በአይቶ ክንፉ ግዛት፥ ጨርቂን በሚባለው ስፍራ ጥቂት ቀን ተቀመጠ። አይቶ ክንፉም እንግዳውን ለማክበር ከባልንጀሮቹ ጋር ለዝሆን አደን ይዞት ወጣ።

የዚያ አገር አዳኞች በሥራቸው የታወቁ ነበሩ። ሁለት ሰዎች በአንድ ፈረስ ይቀመጣሉ። የፊተኛው ፈረሱን ይነዳል፤ የኋለኛው ስለታም ሰይፍ ይይዛል። የፊተኛው በዝሆኑ ፊት እየተመላለሰና እየጮኸ ያስቈጣዋል። ዝሆኑም ፈረሱን ብቻ ሲከተል፥ የኋለኛው ቀስ ብሎ ይወርድና ቋንጃውን በሰይፍ ይቈርጠዋል። ቋንጃው የተቈረጠ ዝሆን ከቆመበት ሊሄድ አይችልም። ከዚያ በኋላ የቀሩት ሰዎች በጦር እየወጉ ይጨርሱታል። ሥጋውም እንደ ቋንጣ ተዘልዝሎ በዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ደርቆም ለክረምት ስንቅ ይሆናል። ዝሆን የገደለ ሰው በሰው ፊት ይፎክራል፤ ስሙም ይገናል። እነዚህ አዳኞች ክፉዎች አልነበሩም፤ አባቶቻቸው የሠሩትን ይሠሩ ነበር እንጂ።

በዚያ አደን ከተገኙት ዝሆኖች መካከል በመጨረሻ አንዲት እናት ከነግልገልዋ ቀረች። ሥራውን በደንብ የሚያውቁት አዳኞች ሊተዉአት ወደዱ፤ የሴት ዝሆን ጥርስ ትንሽ ነውና፥ ግልገሉም ምንም ዋጋ የለውምና። ሌሎቹ ግን እምቢ ብለው ተከተሉአት። ወዲያውም ደረሱባት፤ ቋንጃዋም ተቈረጠ። ግልገሉን ማንም አልተከተለውም ነበርና ሸሽቶ ወደ ጥሻ ገባ።

ሰዎቹ እናቲቱን በየተራ በጦር ሲወጉ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ያመለጠው ግልገል ከጥሻው ወጥቶ እየሮጠ መጣ። ቁመቱ ከአንድ አህያ አይበልጥም ነበር፤ ነገር ግን በታላቅ ቍጣ በፈረሶቹና በሰዎቹ ላይ ወደቀባቸው። አንዱን ይገፋል፤ ወደ ሌላውም ይዞራል፤ ስለ ገዛ ነፍሱ ከቶ አያስብም ነበር። ብሩስ ይህን ባየ ጊዜ ልቡ ተነካና እናቲቱን ተዉአት ብሎ ጮኸ፤ ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ግልገሉ በብሩስም ላይ ደጋግሞ መጣበት፤ እርሱ ግን ገለል አለለት እንጂ አልመታውም። በኋላ ግልገሉ ከመኳንንቱ የአንዱን እግር ጥቂት ጐዳ። ያ ሰው በጦር ወጋው፤ ሌሎችም ጨመሩበት፤ ግልገሉም በቈሰለች እናቱ ፊት ወድቆ ሞተ።

ብሩስ የጕዞውን ታሪክ በመጽሐፍ ያሳተመው ይህ ከሆነ 18 ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ጦርነትና ረኀብ፥ በረሃና በሽታ አይቶ ነበር። ቢሆንም ያንን ግልገል አልረሳውም። በመጽሐፉም እጁን ስላላነሣበት ደስ እንደሚለው ጻፈ።

3። ግልገሉ ስለ ምን ተመለሰ?

ይህን ታሪክ የሚያነብ ልጅ አንድ ነገር መጠየቅ ይገባዋል። ግልገሉ ሸሽቶ አምልጦ ነበር፤ ማንም አልፈለገውም። ሆዱ ብቻ የሚያዝዘው ፍጥረት ቢሆን ኖሮ በጥሻ ውስጥ ዝም ብሎ በተሸሸገ ነበር። ታዲያ ወደ ጦር መካከል የመለሰው ምንድር ነው?

ሊቃውንት የእንስሳን ልብ እንደ ሰው ልብ ነው ብለው በችኰላ አይፈርዱም። እንስሳ ተጠይቆ አይመልስምና ሥራውን ማየት፥ ያዩትንም መቍጠርና መጻፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንዳንዶች እያንዳንዱን ዝሆን በጆሮው ቅርጽና በጥርሱ ለይተው፥ ስም አውጥተውለት፥ ብዙ ዓመት ተከታተሉት። በታንዛኒያ በማንያራ ሐይቅ አጠገብ ኢየን ዳግላስ ሃሚልተን የሚባል ሊቅ በ1965 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ይህን ሥራ ጀመረ። በኬንያም በአምቦሴሊ ሲንቲያ ሞስ የምትባል ሴት ከ1972 ጀምራ የብዙ ዝሆኖችን የትውልድ ታሪክ ጻፈች። ከእነዚህና ከሌሎችም ሥራ ብዙ ነገር ታወቀ።

4። የዝሆን ቤተ ሰብ

ዝሆን ብቻውን የሚኖር እንስሳ አይደለም። እናቶች፥ እኅቶች፥ ሴቶች ልጆችና ግልገሎች ባንድነት ይኖራሉ። የሚመራቸውም ከሁሉ በዕድሜ የምትበልጠው እናት ናት። እርስዋ ስትሄድ ይሄዳሉ፤ እርስዋ ስትቆም ይቆማሉ። ወንዶቹ ለአካለ መጠን ሲደርሱ ከእናታቸው ቤት ወጥተው ለብቻቸው ወይም ከሌሎች ወንዶች ጋር ይኖራሉ።

የዝሆን እናት ልጅዋን በማኅፀንዋ 22 ወር ትሸከማለች። ሲወለድ አንድ ኩንታል ያህል ይመዝናል። በመጀመሪያ ኵምቢውን ምን እንደሚያደርገው አያውቅም፤ ይረግጠዋል፥ ይወዘውዘዋል፥ አንዳንድ ጊዜም እንደ ሕፃን ጣት በአፉ ከትቶ ይጠባዋል። ውኃ በአፉ ተንበርክኮ ይጠጣል። ከታላላቆቹ እያየ ግን ቀስ በቀስ ይማራል። እናቱም ለብቻዋ አታሳድገውም፤ ታላላቅ እኅቶቹና አክስቶቹ ይጠብቁታል፤ በጭቃ ቢያዝ ያወጡታል፤ ቢያለቅስ ሮጠው ይመጣሉ። አንበሳ ወይም ሰው ሲያስፈራቸው ትልልቆቹ ፊታቸውን ወደ ጠላት መልሰው ይቆማሉ፤ ግልገሎቹም በመካከል ይሆናሉ።

እንግዲህ የጨርቂኑ ግልገል ከተወለደ ጀምሮ ያየው ይህን ነበር። በመከራ ቀን ከወገን አጠገብ መቆምን ከእናቱ ተምሮ ነበር።

5። የሽማግሌ እናት ትዝታ

ዝሆን እስከ 60 ዓመት ሊኖር ይችላል። ብዙ የኖረች እናት ብዙ መንገድ ታውቃለች፤ ውኃ በየት እንዳለ፥ ጠላትም በየት እንዳለ ታስታውሳለች።

በ1993 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በታንዛኒያ በታራንጊሬ ብርቱ ድርቅ ሆነ። ሊቃውንት በሦስት የዝሆን ወገኖች ከሚቈጥሩአቸው 81 ግልገሎች በ9 ወር ውስጥ 16ቱ ሞቱ። ከሦስቱ ወገኖች ሁለቱ ሣርና ውኃ ፍለጋ ከዚያ ስፍራ ርቀው ሄዱ፤ አንዱ ወገን ግን እዚያው ቀረ። ከሞቱት ግልገሎች የሚበዙት እዚያው የቀረው ወገን ልጆች ነበሩ። ምክንያቱ ሲመረመር እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ከ1958 እስከ 1961 በዚያ አገር ሌላ ድርቅ ነበረ። ርቀው ከሄዱት መካከል ያን ድርቅ በልጅነት ሊያዩ የሚችሉ ሽማግሌ እናቶች ነበሩ። በቀረው ወገን ግን እንደዚህ ያሉ እናቶች አልነበሩም፤ ጥርስ ፈላጊዎች ቀድሞ ገድለዋቸው ነበርና።

ይህን ነገር ልብ ማለት ይገባል። አዳኙ አንዲት ሽማግሌ ዝሆን ሲገድል አንዲት ነፍስ ብቻ ያጠፋ ይመስለዋል። ነገር ግን በእርስዋ ራስ ውስጥ የነበረው የ50 ዓመት ዕውቀት ከእርስዋ ጋር ይጠፋል፤ ከ20 ዓመት በኋላም በድርቅ ቀን ገና ያልተወለዱት ልጆች ዋጋውን ይከፍላሉ። በኢትዮጵያ አንድ የቅኔ መምህር ተማሪ ሳያፈራ ሲሞት አንድ ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ እንደሚባለው ያለ ነው።

6። የዝሆን ጆሮና ድምፅ

ዝሆን ከሰው ጆሮ የተሰወረ ድምፅ አለው። ይህን ኬቲ ፔይን የምትባል አሜሪካዊት በ1984 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አገኘችው። በዝሆኖች አጠገብ ቆማ ሳለች ምንም ሳትሰማ አየሩ ሲመታ በሰውነትዋ ተሰማት። ነጋሪት ሲጐሰም በአጠገቡ የቆመ ሰው ደረቱ እንደሚርገበገብ ያለ ነው። በመሣሪያ በተመረመረ ጊዜ፥ ዝሆኖቹ እጅግ ወፍራም በሆነ ድምፅ ይነጋገሩ እንደ ነበረ ታወቀ። ይህ ድምፅ በብዙ ሺህ ሜትር ርቀት ይሰማል። በዚህም የተለያዩ ቤተ ሰቦች በጫካ ውስጥ ሳይተያዩ ይጠራራሉ።

ዝሆን የሰውንም ድምፅ ይለያል። በአምቦሴሊ አንዳንድ ጊዜ ከዝሆን ጋር የሚጋጩ ማሳይ የሚባሉ ከብት አርቢዎች አሉ፤ ካምባ የሚባሉት ደግሞ ገበሬዎች ናቸው። በ2014 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በታተመው ጥናት፥ ሊቃውንት የሁለቱን ሕዝብ ድምፅ በመሣሪያ ቀድተው ለዝሆኖች አሰሙአቸው። ዝሆኖቹ የማሳይን ወንዶች ድምፅ ሲሰሙ ተሰብስበው ፈቀቅ አሉ፤ የካምባን ወንዶች፥ የማሳይን ሴቶችና ልጆች ድምፅ ሲሰሙ ግን ያን ያህል አልፈሩም። ማን እንደሚጐዳቸውና ማን እንደማይጐዳቸው ለይተው ያውቃሉ ማለት ነው።

7። መተባበርና ብልኀት

በታይላንድ አገር ሊቃውንት ለዝሆኖች አንድ ፈተና አዘጋጁ። ምግብ ያለበት ጠረጴዛ ከፊታቸው ራቅ ብሎ ተቀመጠ፤ አንድ ገመድም በዙሪያው አለፈ፤ ሁለቱ ጫፎች ወደ ሁለት ዝሆኖች ደረሱ። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ቢስቡ ምግቡ ይመጣል፤ አንዱ ብቻውን ቢስብ ግን ገመዱ ሾልኮ ይወጣል፤ ሁለቱም ጦማቸውን ያድራሉ። ዝሆኖቹ ይህን ፈጥነው ተረዱ። አንዱ ቀድሞ ሲደርስ ባልንጀራው እስኪመጣ ድረስ ገመዱን ሳይስብ ታግሦ ይጠብቅ ነበር።

ከመካከላቸው አንዲት ወጣት ዝሆን ግን ሌላ ዘዴ አገኘች። የገመድዋን ጫፍ በእግርዋ ረግጣ ቆመች። ገመዱ እንዳይሾልክ ስለ ያዘች ባልንጀራዋ ለብቻው ሲስብ ምግቡ መጣ፤ እርስዋም ሳትደክም በላች። ብልኀት ባለበት ሁሉ ስንፍናም እንዳለ ከዚህ ይታያል። በትምህርት ቤትም ገመዱን ረግጦ የሚቆም ልጅ አይጠፋም።

8። ርኅራኄና ኀዘን

በ2003 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጥቅምት ወር በኬንያ በሳምቡሩ አገር ሊቃውንት ኤሌኖር ብለው የሰየሙአት የቤተ ሰብ መሪ ዝሆን ታምማ ወደቀች። ግሬስ የምትባል የሌላ ቤተ ሰብ መሪ ጥቂት ሳትቈይ ወደ እርስዋ መጣች። ዘመድዋ አልነበረችም። በኵምቢዋና በእግርዋ ዳሰሰቻት፤ በጥርሶችዋም ደግፋ አስነሣቻት። ኤሌኖር ግን ቆማ መሄድ አልቻለችም፤ ዳግመኛ ወደቀች። ግሬስም እየጮኸች ልታነሣት ደጋግማ ሞከረች። የገዛ ቤተ ሰብዋ ጥለዋት ሲሄዱ እስኪመሽ ድረስ ከአጠገብዋ አልተለየችም። በማግስቱ ጧት ኤሌኖር ሞተች። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀኖች ከአምስት ቤተ ሰብ የሆኑ ዝሆኖች ወደ ሬሳዋ እየመጡ ያሸቱትና ይዳስሱት ነበር።

ዝሆኖች በመንገዳቸው የዝሆን ራስ ቅል ወይም ጥርስ ሲያገኙ ቆመው በኵምቢያቸው በቀስታ ይዳስሱታል። የሌላ እንስሳ አጥንት ሲያገኙ ግን ያን ያህል አይቆሙም። በልባቸው ምን እንደሚያስቡ እነርሱ ያውቃሉ፤ የሚታየው ሥራቸው ግን ከኀዘንተኛ ሰው ሥራ ብዙ አይርቅም።

9። ያለ ሽማግሌ ያደጉ ወጣቶች

ዝሆን ሁልጊዜ ገር ነው ማለት ግን አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ክሩገር ከሚባለው ስፍራ እናቶቻቸው የተገደሉባቸው ብዙ ግልገሎች ፒላንስበርግ ወደሚባል ሌላ ስፍራ ተወሰዱ። በዚያም የሚገሥጻቸው ሽማግሌ ሳይኖር አደጉ። ወንዶቹ ኰበሌዎች በሆኑ ጊዜ ሥርዐት አጡ፤ ከ1992 እስከ 1997 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሉት ዓመታት ከ40 የሚበልጡ አውራሪሶች ገደሉ። ጠባቂዎቹ ብዙ ከመከሩ በኋላ በ1998 ያደጉ ስድስት ወንዶች ዝሆኖችን ከክሩገር አመጡ። ትልልቆቹ ከመጡ በኋላ ወጣቶቹ አደብ ገዙ፤ የአውራሪሶቹም መገደል ቀረ።

እጓለ ማውታ ሆኖ ያደገ ሁሉ ክፉ ይሆናል ማለት አይደለም። ነገር ግን ፍጥረት ሁሉ የሚመራውና ልክ የሚያሳየው ታላቅ እንደሚያስፈልገው ይህ ያስረዳል። እነዚያ ወጣቶች በትር አልተመቱም፤ የሚከበር ታላቅ በመካከላቸው መቆሙ ብቻ በቃቸው።

10። የኢትዮጵያ ዝሆኖች

በጥንት ዘመን በኢትዮጵያ ዝሆን እጅግ ብዙ ነበረ። በ6ኛው መቶ ዓመት ኖኖሱስ የሚባል የቢዛንታይን መልእክተኛ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲወጣ 5000 ያህል ዝሆን በአንድ ሰፊ ሜዳ ተሰማርቶ እንዳየ ጽፎአል። በዚያው ዘመን የነገሡት ዐፄ ካሌብም በአራት ዝሆኖች የሚሳብ ከፍ ያለ ሠረገላ እንደ ነበራቸው የውጭ አገር ጸሓፊ መስክሮአል።

ዛሬ በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው አንድም ዝሆን አያይም። ጥርሱ ስለ ተፈለገ ተገደለ፤ ጫካው ስለ ተመነጠረ መኖሪያ አጣ። ዛሬ በኢትዮጵያ የቀሩት በጥቂት ስፍራ ብቻ ናቸው። ከእነዚህም አንዱ ከሐረር ከተማ ወዲያ በ1962 ዓመተ ምሕረት የዝሆን መጠበቂያ ሆኖ የተከለለው የባቢሌ በረሃ ነው። በኦሞና በማጎ፥ በጨበራ ጩርጩራ፥ በጋምቤላም አሉ። በተከዜ ወንዝ ዳር በቃፍታ ሽራሮም ይገኛሉ።

በ1982 ዓመተ ምሕረት የዓለም መንግሥታት የዝሆን ጥርስ ከአገር ወደ አገር እንዳይነገድ ተስማሙ። በኢትዮጵያም መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓመተ ምሕረት ከሕገ ወጥ ሰዎች እጅ የተያዘ 60 ኩንታል የሚያህል የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ በእሳት ተቃጠለ። ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ነገር ሲቃጠል ማየት ያስደንቅ ነበር። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ ጥርሱ ዋጋ እስካለው ድረስ ዝሆኑ ዕረፍት የለውምና።

የገበሬውም ችግር መረሳት የለበትም። ገበሬ በበጋ አርሶ በክረምት አርሞ ያሳደገውን ማሽላ የዝሆን መንጋ በአንድ ሌሊት ሊያጠፋበት ይችላል። የተራበ ልጅ ያለው አባት ዝሆን ይጠበቅ ቢሉት ቢያዝን አይፈረድበትም። ስለዚህ ዝሆንን የሚጠብቅ መንግሥት ገበሬውንም መጠበቅ አለበት፤ ዝሆኑ የሚያልፍበትን መንገድ መለየት፥ እርሻውም በዚያ መንገድ ላይ እንዳይሆን አስቀድሞ መምከር ያስፈልጋል። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጐዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ ሰውና ዝሆን ሲጣሉ ግን ሁለቱም ይጐዳሉ።

11። ምክር

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ትምህርት ሦስት ነገር ያዙ።

አንደኛ፥ አፍ የሌለው ሁሉ ልብ የለውም አትበሉ። አህያ ጀርባዋ ቈስሎ ስትጫን አትናገርም፤ ውሻ በድንጋይ ሲመታ ማን መታኝ ብሎ አይከስም። ዝም ማለታቸው አለመታመማቸውን አያስረዳም።

ሁለተኛ፥ ታላላቆቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቁአቸው። የዝሆን ግልገል ከሽማግሌ እናቱ ኋላ የሚሄደው የድርቅን ቀን መንገድ እርስዋ ስለምታውቅ ነው። አያታችሁም እናንተ ያላያችሁትን ክፉ ቀን አይታለች፤ በምን እንደ ተሻገረችው ትነግራችኋለች።

ሦስተኛ፥ መልካም ነገር ለመናገር አትዘግዩ። በጨርቂን ቆላ ብሩስ ተዉአት ብሎ በጮኸ ጊዜ እናቲቱ አስቀድማ ቈስላ ነበር። ቀድሞ ሊተዉአት የወደዱት አዳኞችም የብዙዎች ፈቃድ ሲበረታባቸው ዝም አሉ። እነርሱ ቃላቸውን አጽንተው ቢሆን ኖሮ እናቲቱም ግልገሉም በዳኑ ነበር። ብዙዎች ባንድነት ደካማውን ሲመቱ፥ የመጀመሪያው ጦር ሳይወረወር ተዉ የሚል አንድ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ባይሰማ እንኳ እጁን ከዚያ ሥራ ያነሣ፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ስለዚህ አይጸጸትም።

ጥያቄዎች

1። የዝሆን ኵምቢ ለምን ለምን ሥራ ይጠቅመዋል?
2። ያመለጠው ግልገል ወደ አዳኞቹ የተመለሰ ስለ ምንድር ነው?
3። በታራንጊሬ ድርቅ ጊዜ ርቀው የሄዱት ዝሆኖች ከቀሩት የተሻሉት በምን ምክንያት ነው?
4። ግሬስ ለኤሌኖር ምን አደረገችላት? ዘመድዋ ነበረችን?
5። በፒላንስበርግ የነበሩት ወጣቶች ዝሆኖች አደብ የገዙት እንዴት ነው?
6። በአዲስ አበባ የዝሆን ጥርስ የተቃጠለው ስለ ምንድር ነው?
7። ብዙዎች ደካማውን ሲመቱ ያየ ልጅ ምን ማድረግ ይገባዋል?

የቃላት ፍቺ

ኵምቢ፦ የዝሆን ረጅም አፍንጫ።
ቋንጃ፦ በኋላ እግር ላይ ያለ፥ ሲቈረጥ መሄድ የሚከለክል ጅማት።
ዝባድ፦ ከጥርኝ የሚገኝ ሽቱ።
ጥሻ፦ ጥቅጥቅ ያለ ቍጥቋጦ።
ኰበሌ፦ ለአካለ መጠን የደረሰ ወጣት።
እጓለ ማውታ፦ አባትና እናቱ የሞቱበት ልጅ።